የልጄ ዋስ

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ፤ አልክድም። በማሽን ምህንድስና ተመርቃ እቤት ተቀምጣለች። ጠዋት ስነሳ ስልኳን ይዛለች፣ ማታ ስተኛም ስልኳን ይዛለች። "አንቺ ልጅ፣ ሥራ ስልክ ውስጥ አይገኝም፤ ወጥተሽ የፋብሪካ በር ላይ ቁሚ፣ ሰው ይይሽ" እላታለሁ። "እሺ አባዬ" ትላለች። ይሄ እሺታዋ ነው የሚያበግነኝ።

እኔ ክር ፋብሪካ የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያኔ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ እንሰለፋለን፤ ፎርማኑ ወጥቶ እጃችንን እያገላበጠ ያያል። አባትህ ወይም አጎትህ እዚያው የሚሠራ ከሆነ ጠጋ ብሎ "ልጄ ነው፤ ቢያጠፋ በእኔ ይሁን" ይላል። በቃ፣ ተቀጠርክ። አባቴ እንዲህ ብሎ አስገባኝና አርባ አንድ ዓመት ማሽን ስጠግን ኖሬ በጡረታ ወጣሁ። ይህቺን ቤት የሠራሁት፣ እሷንም ያስተማርኳት በዚያ ደመወዝ ነው። እና ዲግሪ ይዞ ሥራ ማጣት ለእኔ ስንፍና እንጂ ሌላ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ከቁርስ በኋላ እናቷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ድምፅህን ቀንስ፤ ልጅቷን በስልክ እየፈተኗት ነው" አለችኝ።

"እነማን?"

"አንድ የማሽን ኩባንያ። አለቆቹ ራሳቸው ናቸው።"

አለቆቹ በስልክም ቢሆን እቤቴ ድረስ መጥተው እኔ ዝም ልል ነው? ክት ኮቴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን በውሃ አበስ አበስ አደረግኩና የልጄ በር ላይ ቆምኩ። አባቴ ለእኔ ያለውን ልልላት ነው። ጨዋታቸው እስኪረግብ እየጠበቅኩ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

"ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ቆየሽ?" አላት አንዱ። እኔ አባቷ አንድ ቀን በቅጡ ጠይቄያት አላውቅም።

"ማመልከቻ ሳስገባ ነበር" አለች። "ከሁለት መቶ በላይ አስገብቻለሁ። መልስ የሰጡኝ ዘጠኝ ናቸው።" ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም፤ ለምዳዋለች። እኔ ግን የበሩን እጀታ ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ለካ ያ ሁሉ ስልክ መነካካት ሥራ ፍለጋ ኖሯል። አንጀቴን በላችው።

ቀጥላ አንዲት ሴት ተናገረች። "ጥሩ ነሽ። የመጀመሪያው ስድስት ወር ግን ልምምድ ነው፤ ደመወዝ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለውን እናያለን።"

"እሺ፣ ደስ ይለኛል" አለች ልጄ።

ደሜ ፈላ። በሩን በርግጄ ገባሁ። ስልኩ መጻሕፍት ተደግፎ ቆሟል፤ ሦስት ሰዎች ከውስጡ ያዩኛል። ያሰናዳሁት ቃል ሁሉ ድራሹ ጠፋ። "አባቷ ነኝ" አልኩ። "አርባ አንድ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን በነፃ ውዬ አላውቅም። እናንተስ ያለ ደመወዝ ትውላላችሁ? አታፍሩም?"

ልጄ ስልኩን አፈፍ አድርጋ ዘጋችው።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ እንባዋ ብቻ ወረደ። "ከዚያ ሁሉ ውስጥ እዚህ የደረሰልኝ ይሄ አንዱ ብቻ ነበር" አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ደውይና ይቅርታ ጠይቂልኝ" አልኳት።

"ምን ብዬ?"

"ያሻሽን በይ።"

ደወለች። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ "አባቴ ጤና የለውም" አለች። "ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንዳንዴ የሚናገረውን አያውቅም። እባካችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።" ዝም ስትል ራሴን ነቀነቅኩላት፤ ቀጥይ ማለቴ ነው። ቀጠለች። ሐኪም ቤት እንደሚያመላልሱኝ ሁሉ ነገረቻቸው።

ጨርሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ይቅር በለኝ አባዬ።"

"ተዪው። ምን አሉሽ?"

"ሰኞ ግቢ አሉኝ። አባትሽንም ፈጣሪ ይማርልሽ አሉ።"

"እሰይ" አልኳት። የምሬን ነው፣ ደስ ብሎኛል። ከስድስት ወር በኋላስ ይቀጥሩሽ ይሆን ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የሚናገረውን የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን አይጠይቅም።