ከመጽሐፉ የወጣው ገጽ

ሥርጉት ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ከምትሄድባቸው አንዱ ሚስተር ማሃንታ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት ህንዳዊ ነበሩ። ልጃቸው ራጂብ ወደ ቶሮንቶ ሳያመጣቸው በፊት፣ አሳም በሚባለው የህንድ ክፍለ ሀገር፣ በትልቅ ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ፣ ቪሽኑ የተባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልኩ መነኮሳት ገዳም መዝገብ ጠባቂ ነበሩ። ወንዙ ደሴቲቱን እየበላ ገዳሙን ሦስት ጊዜ አስነስቶታል። በዛፍ ቅርፊት ላይ ተጽፎ የኖረው መዝገብም አብዛኛው በስብሶ አልቋል። የቀረው እሳቸው የሚያስታውሱት ብቻ ነው።

ዓይናቸው ስለደከመ ታሪኩን የሚጽፍላቸው ሰው ፈለጉ። ራጂብ ጊዜ የለኝም አለ። ሥርጉት ጠዋት አጥባ፣ አልብሳ፣ ቁርሳቸውን ካበላቻቸው በኋላ ደብተር ይዛ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች። በእንግሊዝኛ ይነግሯታል፤ እጇ የሚፈጥነው በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ትጽፋለች፤ ከዚያ በራጂብ ላፕቶፕ ላይ በእንግሊዝኛ ትተይበዋለች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባቸው።

አንድ ቀን በወጣትነታቸው ስለደረሰው ጎርፍ ነገሯት። መዝገቡ የገዳሙን መጻሕፍት ከውኃ ያወጡት መነኮሳቱ ናቸው ይላል። ውሸት ነው አሏት። ያወጧቸው ዘራችሁ ዝቅ ያለ ነው ተብለው በገዳሙ ደጅ እንዳያልፉ የተከለከሉ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ሦስቱ እዚያው ሰጥመው ቀሩ።

«ያን ውሸት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አበምኔቱ አዘዙኝ፣ ጻፍኩ። አሁን ስማቸውን ጻፊልኝ።»

ጻፈች። ቦጋራም፣ ሞሂም፣ ቲሎክ። ሽማግሌው አለቀሱ፤ እጃቸውን ይዛ ቆየች። በዚህ ሥራ ስንቱን አጥባለች፣ እንዲህ አምኖ የነገራት ግን አልነበረም።

መጽሐፉ ታትሞ በአሳም ተወላጆች ማኅበር አዳራሽ ተመረቀ። ሥርጉት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና የጎርፉን ምዕራፍ ፈልጋ አነበበች። መነኮሳቱ ይመሰገናሉ። ሦስቱ ስሞች የሉም። መቅድሙ ላይ ደግሞ ራጂብ፣ አባቱ ሲናገሩ ቁጭ ብሎ የጻፈው እሱ እንደሆነ ይተርካል።

በማግስቱ ጠየቀችው። የሞተ ሰው ነውር መቆፈር ምን ይረባል አላት። ደብተሩንም የቤተሰቡ ነው ብሎ ተቀበላት፣ ገለጥ ገለጥ አደረገው፣ ፊደሉን ማንበብ ቢያቅተው ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ሪሳይክል በሚደረገው ቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ሥርጉት ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ሚስተር ማሃንታ፣ ይንገሩት እንጂ።»

አንገታቸውን ደፉ። «ገጹን ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የልጅ ልጆቼ ያነቡታል።»

የሚታጠቡበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ውኃውን ለካች፣ ልብሳቸውን አወለቀች፣ ጀርባቸውን እንደ ሁልጊዜው በቀስታ አሸች። ዛሬ ምነው ዝም አልሽ ሲሏት ክንድዎን ከፍ ያድርጉ አለቻቸው። አድርቃ፣ አልብሳ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥታ ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ለኤጀንሲው ደወለችና ሌላ ሰው እንዲመድቡላቸው ነገረች። ምክንያቷን ቢጠይቋት መንገዱ ይርቀኛል አለች።