የደሴት ቄጠማ

ለቅዳም ስዑር ግንባራችን ላይ የምናስረውን ቄጠማ የማቅረብ ኃላፊነት የተሰጠኝ አምና ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ስቶክሆልም ግን በሚያዝያ መባቻ መሬቱ ገና ከብርዱ አልተላቀቀም፣ አረንጓዴ ነገር የለም። ብልህ ነኝ ብዬ ከሱቅ ባሮ ሽንኩርት ገዛሁ፤ ቅጠሉን ሰንጥቄ አደልኩ። ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ ያልቀመሰ ሕዝብ ግንባሩ ላይ ሽንኩርት አስሮ ዋለ። ቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ወጥ ሸተተ። እማማ ተጂቱ «አንተ ከፍያለው፣ ጠላቴ እንኳን በጾሜ እንዲህ አልፈተነኝም» አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ሆኜ ከረምኩ። ዘንድሮ እውነተኛ ሳር ካላመጣሁ የቤተ ክርስቲያኑን ኮሚቴ ጥዬ ለመውጣት ወስኜ ነበር።

ሳሩ ደግሞ ቅርብ ነው፣ የእህቴ ልጅ የርሆቦት ነው። ርሆቦት ፍሌሚንግስቤሪ ካለው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ትሠራለች። እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ብላ አውርታለች፤ ልጅቷ የምታጠናው ግን የባሕር ዳር ሳር ነው። በባሕሩና በየብሱ መካከል ተጋድመው ማዕበል የሚመክቱ የአሸዋ ደሴቶች አሉ። ዓለም ሲሞቅ ባሕሩ ከፍ እያለ ያጥባቸዋል። እሷ እንደምትለው ደሴቱን የሚያቆመው ሳሩ ነው። ነፋስ ያመጣውን አሸዋ ቅጠሉ ያስቀረዋል፣ ሥሩ ያስረዋል። አሸዋው ሲቀብረው ሳሩ ሽቅብ ያድጋል፣ ደሴቱም አብሮት ከፍ ይላል። ይህን ለማረጋገጥ በትልልቅ ሣጥኖች አሸዋ ሞልታ ሳር ስታሳድግ ሁለት ዓመት ሆናት።

«ርሆቦትዬ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥቂት ልጨድ» አልኳት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ቅጠል አይነኩም። ማዕበል የሚሠራውን ማሽን ለሐሙስ ቡካ አድርጌ ተራ ይዣለሁ፤ ፕሮፌሰሯም ትመጣለች። አሸዋው ከፈረሰ የሁለት ዓመት ሥራዬ አብሮ ፈረሰ።»

«ካልፈረሰስ?»

«ካልፈረሰ አጭጄ፣ መዝኜ፣ ሁሉንም ለእርስዎ እሰጣለሁ። ከፈረሰ ግን የሚያገኙት ጭቃ ነው። ሳሩን አይተው ገደሉን አላዩም ጋሼ።»

እንዲህ ሆኖ ነው በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ዮርድብሩ በሚባለው ሰፈር ከምሠራበት መጋዘን ፈቃድ ወስጄ፣ የአሸዋ ክምር ደጋፊ የሆንኩት።

ማሽኑ ረጅም የመስታወት ገንዳ ነው። በአንዱ ጫፍ ውሃው ይገፋል፣ በሌላው ጫፍ አሸዋው ይጠብቃል። መጀመሪያ ሳር የሌለበትን አስገቡ። አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆመም፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሟሟ።

ከዚያ ሳር ያለበት ገባ። ማዕበሉ ፊቱን ቦጨቀው፤ ሥሮቹ ተንጠለጠሉ። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ ሃያ ሆነ። ርሆቦት ብዕሯን ጨብጣ መጻፉን ረስታዋለች። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ «ያዝ፣ ያዝ እንጂ፣ እንዳትለቅ» እያልኩ መስታወቱን ተደገፍኩ። ፕሮፌሰሯ ረጅም ሽበታም ስዊድናዊት ናት፤ ምን እንደምል ርሆቦትን ጠየቀቻት። ልጅቷ በአጭሩ ተረጎመችላት። ማሽኑ ወደ ከፍተኛው ኃይል ሲዞር የፊት ለፊቱ ግማሽ ተገምሶ ወደቀ። ርሆቦት ዓይኗን ጨፈነች። በዚያች ቅጽበት ከአጠገቤ በቀስታ «ያዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፕሮፌሰሯ ናት።

ያዘም። ሥሩ የተቆላለፈበት የኋላው ግማሽ ሰዓቱ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም። ማሽኑ ሲቆም ርሆቦት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ደስ ያለኝ ለእሷ ነው፤ ቄጠማውን ያስታወስኩት መቀሱን ስታቀብለኝ ነው። ሣጥን በሣጥን ስንቆርጥና ስንመዝን ዋልን። ሳሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ባቡር ስመለስ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር።

ቅዳሜ ርሆቦት ራሷ ልታድል መጣች። ሥራው ከያዛት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሳሩ ጠንካራ ነው፣ ጫፉም ይወጋል፤ ሕዝቡ ግንባሩን እያሻሸ ይስቃል። ቄሱ የኖኅን ነገር ነገሩን፤ ርግቧ ለምለም ይዛ ስትመለስ የጥፋት ውሃ መጉደሉ እንደታወቀ።

እማማ ተጂቱ ርሆቦት ሳሩን ግንባራቸው ላይ ስታስርላቸው ክንዷን ያዙ።

«ልጄ፣ የባሕሩን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ ውሃው ጎደለ?»

ርሆቦት ልትዋሻቸው አልፈለገችም። ቋጠሮውን አጠበቀችና «አልጎደለም እማማ፣ ገና ይጨምራል። ሳሩ ያለበት መሬት ግን አልሄደም» አለቻቸው።

እማማ ተጂቱ «መሬቱ ካልሄደ ይበቃል» አሉ። ከዚያ እልልታውን ለቀቁት፣ ሴቶቹም ተቀበሏቸው።