የሚካኤል ዕለት ወርቅ

ምስክር ከወረዳው የማዕድን ክፍል የተሰጣት ሥራ ለሰሚው ቀላል ነበር። ከዓለም ከተማ ቁልቁል፣ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርድ አንድ ጅረት ዳር፣ ወርቅ የሚያወጣ ትንሽ ማኅበር አለ። አባላቱ ስንት እንዳገኙ ቢጠየቁ አይናገሩም፤ ወርቅ ከተወራ ይሸሻል ባዮች ናቸው። የሠሩበትን ሰዓት ግን ሳይደብቁ ያስመዘግባሉ። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚወጣ በዓይኗ አይታ በሰዓቱ ካባዛችው ምርቱ ታወቀ ማለት ነው። ምርቱ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ማኅበሩ ይበተንና ጅረቱ ማሽን ይዞ ለሚመጣ ልማታዊ ባለሀብት ይሰጣል።

ወርዳ ጥቂት ቀን አብራቸው ዋለች። ወንዶቹ ከእርሻ ሲመለሱ ዳገቱን በዶማ ይንዳሉ፤ ሴቶቹ ጠጠሩን ተሸክመው ውኃው ዳር ይከምራሉ። ትጋታቸው አንጀት ይበላል። ወርቅ ግን የጤፍ ቅንጣት ታክል አልታየም። ሰዓቱን በዜሮ ቢያባዙት ያው ዜሮ ነው። ታዲያ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው አዲስ ቆርቆሮ ከየት መጣ? ሌላ ሰው ቢሆን ዜሮውን ጽፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ምስክር ግን ያልገባትን ነገር አልፋ መሄድ አታውቅበትም።

«ጠጠሩን የምታጥቡት መቼ ነው?» ስትል የማኅበሩን ሊቀ መንበር ጠየቀቻቸው። አቶ ወልደ ጻድቅ ይባላሉ፤ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሽማግሌ ናቸው።

«እግዜር በፈቀደ ጊዜ» አሏት። «ነገ ሚካኤል ነው፤ ሥራ የለም። ከተማ ግቢና ዕረፊ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ዳገቱን ወጥታ አውቶቡስ ብትጠብቅ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ቀርቷል አሏት። እያጉረመረመች ወደ ጅረቱ ተመለሰች።

ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ሁሉ ነጠላውን ቁጥቋጦ ላይ ሰቅሎ፣ ገበቴ ይዞ፣ ውኃው ውስጥ ቆሟል። የተከመረው ጠጠር በየገበቴው ይዞራል፣ ይታጠባል፣ ከሥሩ ቢጫው ብልጭ ይላል። በመጀመሪያው ገበቴ የተገኘው ለታቦቱ ተለይቶ ይቀመጣል። ማጠብ ቀኑን ሙሉ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእርሻ የሚፈታው በበዓል ብቻ ነው። ባሏ የሞተባት ይመኙሻል እንኳ ዛሬ ረዳት አላጣችም፤ ሁለት ጎልማሶች ጠጠሯን እየዛቁ ያቀብሏታል።

ምስክር ሳቋ መጣ። የተመዘገበው ሰዓት ሁሉ ወርቅ አልነበረበትም፤ ወርቁ የወጣበትን ሰዓት ደግሞ ማንም አላስመዘገበውም።

«ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ ይሄ ሥራ አይደለም እንዴ?»

«ሥራማ መሬት መቆፈር ነው። እሱን በበዓል አንነካውም። ይሄ ውኃው የሰጠንን መቀበል ነው። በረከት በሰዓት ይለካል እንዴ?»

ምስክር ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። ይህ ሰዓት እንደ ሥራ ካልተያዘ ምርቱ ባዶ ነው፤ ምርቱ ባዶ ከሆነ ጅረቱ ይሄዳል። ሰዓቱን ነግረዋት መፈረም አለባቸው።

«ሚካኤልን ሥራ ስሠራ ዋልኩ ብዬ ልፈርም?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ይፈርሙ እንጂ፣ ጋሼ» አለች ይመኙሻል ከውኃው ውስጥ። «እኔ መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ። ይሄ ከሄደ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?»

ሽማግሌው ገበቴያቸውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ያን ቀን ዳግመኛ ገበቴ አላነሱም።

ግምቱ ያማረ ሆነ፤ ፈቃዱም ታደሰ። ምስክር ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ሰዉን ሁሉ በአንድ ላይ ለማግኘት ብላ የሚቀጥለውን ሚካኤል ጠብቃ፣ ፈቃዱን ራሷ ይዛ ወረደች።

ጅረቱ ዳር ማንም የለም። የጠጠሩ ክምር ከነአቧራው ቆሟል። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ፀሐይ ይሞቃል።

«ዛሬ አታጥቡም?» አለች ምስክር ወደዚያ ሄዳ።

«ሥራ ነው ብለን ፈረምን እኮ፣ ልጄ» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «እያወቅን በዓል እንሻር?»

«ታዲያ መቼ ልታጥቡ ነው?»

«እርሻው እጅ ሲፈታ።»

እርሻው ደግሞ ገና መጀመሩ ነው። ይመኙሻል ተነሥታ ከምስክር አጠገብ ቆመችና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አየችው።

«እኔማ ነገ አጥባለሁ» አለች። «ጠጠሩን የሚያቀብለኝ ነው የሌለ።»

ምስክር እንደዚያ ልክ የሆነ ግምት ሠርታ አታውቅም ነበር፤ እንደዚያም አፍራ አታውቅም።