ሜላትን ፍለጋ

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ትርፌ በምሳ ሰዓት ሕፃናቱን ለወላጆቻቸው አስረክባ ስትጨርስ ግድግዳው ላይ አንድ ቦርሳ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሜላት ቦርሳ ነው። ሜላት ግን የለችም።

መጀመሪያ ሽንት ቤት አየች። ቀጥላ ወደ ዥዋዥዌው ሮጠች። የግቢው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ረፋድ ላይ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሩን የዘጋ ሰው የለም። ከበሩ ውጪ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ባጃጁም ጭነት መኪናውም ይተራመስበታል። ከክፍሎቹ ጀርባ ደግሞ ለአዲሱ ሽንት ቤት የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ የሰኔ ዝናብ አፉ ድረስ ሞልቶታል።

"ሜላት! ሜላት!"

መልስ እንደማይኖር ታውቃለች፤ ይቺ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ከገባች ጀምሮ ተጠርታ አቤት ብላ አታውቅም። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሽታዬ ዛሬ ጠዋት እንኳ "ጆሮዋ አይሰማም መሰለኝ። አባቷ ሐኪም ያሳያት፤ ካልሆነ ለከርሞ አንቀበላትም" ብለው ነበር። ጆሮዋ ምንም አልሆነም። ትርፌ ነገሩን ከሥሩ እያወቀች ዝም ብላለች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚችን ልጅ የከተማ ስም ግን ያወጣው አባቷ ያሬድ ነው፣ ያውም ለምዝገባ በመጣበት ዕለት። ሁምቦ ገጠር አያቷ ጋ ወላይትኛ እየተናገረች ስታድግ ቦሼ ነበረች። እሱ ሶዶ ባንክ ቤት ሥራ ሲያገኝ አመጣት። "ቲቸር፣ አደራ፣ በገጠሩ ስም እንዳትጠሯት፤ ልጆቹ ይስቁባታል። አማርኛ ብቻ አናግሯት" አለ። ሰውየው ክፉ አይደለም። እሱ ራሱ በአነጋገሩ ተስቆበት ያደገ ነው። መቼም እኛ ሰዎች ልጃችን እንዳይሳቅበት የማናደርገው ነገር የለም፤ የሚስቀውን ከመገሠጽ በቀር።

ትርፌም አደራውን ጠበቀች። ራሷ የወላይታ ገጠር፣ የቦምቤ ልጅ ናት፤ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር በወላይትኛ እየተሳሳቀች ሻይ ትጠጣለች፣ ክፍል ስትገባ ግን ወላይትኛዋን በር ላይ ጥላው ትገባለች።

ዛሬ ለወላጆች ቀን ልምምድ ሕፃናቱ አንድ በአንድ እየተነሡ "ስሜ እገሌ ይባላል" ይሉ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ልጅቷ ተነሣች። ትርፌ ማመን አቃታት።

"ስሜ ቦሼ" አለች ልጅቷ።

ክፍል ውስጥ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። ትርፌስ ምን አለች? "አይደለም፤ ሜላት በይ።" ልጅቷ ተቀመጠች። ከእረፍት በኋላ መመለስ አለመመለሷን ትርፌ ልብ አላለችም። ሁሌም ዝም የምትል ልጅ ብትጎድልም አትታወቅም።

"ጋሽ አማረ፣ በሩን ዝጉት እንጂ!" ወይዘሮ ሽታዬ ዘበኛው ላይ ጮኹ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ጋሽ አማረ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበሩ። በረጅም እንጨት ድፍርሱን ውሃ ቀስ እያሉ ይነካካሉ። እንጨቱ አንድ ነገር ያዘ። ሽማግሌው ጎተቱት፤ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። ትርፌ መሬት ላይ ተንበርክካ ውሃውን ታይ ጀመር።

የተደወለለት ያሬድ በባጃጅ ከንፎ ደረሰ። "ልጄስ?" አለ። እንጨቱን አየ፣ ውሃውን አየ፤ ከዚያ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። "ሜላት! ሜላትዬ!"

"አቶ ያሬድ" አለች ትርፌ። "በስሟ ይጥሯት።"

"ታዲያ ምን እያልኩ ነው?"

"በስሟ!"

ያሬድ ገባው። ትርፌ ግን እስኪጠራት አልጠበቀችውም። ከመሬት ተነሣች። ክፍል ውስጥ ወጥቷት የማያውቀውን ወላይትኛ፣ ልክ ቦምቤ እያለች እናቷ ደጅ ላይ ቆማ እንደምትጠራት አድርጋ ለቀቀችው።

"ቦሼ! የኔ ልጅ፣ ቦሼ! ነይ፣ ምሳ ደርሷል!"

ከጉድጓዱ ማዶ፣ ጋሽ አማረ አጥሩ ሥር የዘሩት በቆሎ ተነቃነቀ። ሁሉም በአጠገቡ ሲመላለሱ ነበር፤ የሁምቦ ልጅ ሲከፋት በቆሎ ውስጥ ትገባለች ብሎ ማን ያስብ! በቅጠሉ መሐል ጭቃ የነካው ትንሽ ፊት ብቅ አለ።

"አቤት" አለች በወላይትኛ።

ያሬድ በባዶ እግሩ ሮጦ አፈፍ አደረጋት። ትርፌ ሰው ፊት መሆኗን ረስታ አለቀሰች።

"እዚሁ ተቀምጠሽ ያን ያህል ስንጣራ አትሰሚም?" አሉ ወይዘሮ ሽታዬ።

"ሰምቻለሁ" አለች ልጅቷ። በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና የጋሽ አማረን እንጨት አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ የትርፌን እንባ አየች። ፊቷን ፍርሃት ወረሰው። ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ ብላ በወላይትኛ ጠየቀችው።

"አባ፣ ሜላት ተገኘች?"

ያሬድ ጭቃውን ከፊቷ ላይ ጠረገላት።

"እሷን አይደለም" አላት በራሷ ቋንቋ። "አንቺን ነው ስንፈልግ የነበረው፣ ቦሼ።"

ልጅቷ ጥቂት አሰበችበት። ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ምሳው ምን እንደሆነ ትርፌን ጠየቀቻት።