የአባት እጅ በዕጣ

በዚህ ቤተሰብ ዕጣ ያልወጣበት ነገር የለም። አባታቸው በሕይወት ሳሉ የመጨረሻዋን ቁራሽ ዳቦ እንኳ የሚያካፍሉት ባርኔጣቸው ውስጥ ወረቀት ጥለው ነበር። ሲሞቱም ሦስቱ ልጆች ቁም ሳጥኑን፣ ሬዲዮኑንና ባርኔጣውን ራሱን በዚያው ባርኔጣ በዕጣ ተከፋፈሉት። የደረሰው ያልተመቸው በፊርማ ይለዋወጣል፤ አለቀ። በዚህ ዘዴ አንድ ቀን ተኮራርፈው አያውቁም።

ታዲያ የአባታቸው ሐኪም፣ አባታቸውን አሥር ዓመት ያሠቃያቸው ፓርኪንሰን የተባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት እንደሆነ፣ ችግር ያለበትን ዘረ መል የመውረስ ዕድላቸውም ግማሽ በግማሽ እንደሆነ ስትነግራቸው፣ የገባቸው በለመዱት መንገድ ነው። ምስኪን፣ ለፍታለች። ዕድሉ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ነው ብላለች። ዘረ መሉ ያለበት ሁሉ አይታመምም፣ ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የሚኖር ብዙ ሰው አለ ብላለች። ከዚያ ደማቸውን ቀድታ፣ ውጤቱ በፖስታ ይደርሳችኋል ብላ ሸኘቻቸው።

ፀጉር አስተካካዩ፣ መካከለኛው ወንድም፣ ገና ደረጃውን ሳይወርዱ ሒሳቡን ሠራው። ሦስት ልጅ፣ ግማሽ ዕድል፤ ስለዚህ የሚታመመው አንድ ሰው ተኩል ነው። የቀረው ሙሉውን ማን፣ ግማሹን ማን እንደሚወስድ መወሰን ብቻ ነበር።

ለታናሹ ነገሩ አልተዋጠለትም። ታናሹ ሰዓት ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ብሎኖች በወረንጦ እያነሳ ነው የሚውለው፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ሱቁን መዝጋቱ ነው። ግን በዚህ ቤት ዕጣ አልጥልም ማለት አባትን መሳደብ ነበርና ለዕጣው ቀረበ። ታላቅ እህታቸው ልብስ ሰፊ ናት። በትልቁ መቀሷ ሦስት ወረቀት ቆረጠች፤ አንዱ ላይ «ሙሉ»፣ ሌላው ላይ «ግማሽ» ጻፈች፣ ሦስተኛውን ባዶ ተወችው።

ፀጉር አስተካካዩ ባዶውን አወጣ። ግማሹ ለእህትየው ወጣ። ሰዓት ሠሪው እጁ ላይ የቀረውን ወረቀት ሲገልጠው ፊቱ አመድ መሰለ።

እህትየው አየት አደረገችውና «የአንተን ለእኔ ስጠኝ» አለችው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቁም ሳጥን አይደለም።»

«ቁም ሳጥኑን ተለዋውጠን የለ? ና፣ ፈርም። ግማሹንም አልሰጥህም፣ ለእኔው ይሁን።»

ፀጉር አስተካካዩ በምስክርነት ፈረመ። እንግዲህ አንዲት ሴት ለብቻዋ የአንድ ሰው ተኩል በሽታ ልትታመም ማለት ነው፤ ማንም ግን ይሄ እንዴት ይሆናል አላለም። ሰዓት ሠሪው በዚያ ወረቀት አላመነበትም። ቢሆንም ሲፈርም ቅልል አለው፣ ቅልል ስላለውም በራሱ አፈረ።

ውጤቱ የመጣው በእህትየው ሱቅ አድራሻ ነው። ወንድማማቾቹ ሲደርሱ ሦስቱም ፖስታዎች ተከፍተዋል። ታላቅ ናትና ማንም አልተናገራትም። ሁለቱ ነፃ መሆናቸውን፣ በፊርማው መሠረት ለእሷ መድረሱን ነገረቻቸው። ፀጉር አስተካካዩ ግማሹ የት ገባ ብሎ ጠየቀ። ላቦራቶሪ ሽርፍራፊ አይቆጥርም አለችው፤ ተዋጠለት። የውጤቱ ወረቀቶች ደግሞ ካውያ ተረስቶባቸው ተቃጥለዋል።

ከዚያው ሳምንት ጀምሮ የእህትየው እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሻይ ስትቀዳ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ነው። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ማየት ያሳዝናል፤ ፀጉር አስተካካዩ ባያት ቁጥር ያለቅሳል። ሰዓት ሠሪውም መጀመሪያ አብሮት ያለቅስ ነበር። ግን ሰውየው የሚኖረው ጥቃቅን እንቅስቃሴ እያየ ነው። አንድ ቀን ሻዩን ቀድታ ስትጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ እጇም ጸጥ አለ።

የአባታቸው እጅ እንደዚያ አልነበረም። ቁጭ ብለው ጉልበታቸው ላይ ሲያሳርፉት ነበር የሚብሰው፤ ዕቃ ሲያነሱበት ይረጋ ነበር። ጸጥ እንዲልላቸው ብለው ያንኑ ባርኔጣ ቀኑን ሙሉ ይቦርሹ ነበር። እሷ ከቤት ቀድማ አግብታ ስለወጣች ይህን ልብ አላለችውም።

ሰዓት ሠሪው እህቱ እያስመሰለች እንደሆነ፣ ከተቃጠሉት ውጤቶችም ዘረ መሉ ያለበት የማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ሁለት ቀን ሱቁ ውስጥ የገዛ እጁን በማጉያ መነጽር ሲመለከት ዋለ። በሦስተኛው ቀን እህቱ ዘንድ ሄደ። ሻይ ቀዳችለት፣ እንደ ልማዷም አፈሰሰችው።

«እትዬ» አላት፣ «የአባባ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሲያርፍ ነበር። ሥራ ሲይዝ ይረጋ ነበር።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። አሁን ሁሉን ትነግረኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ምን ብሎ እንደሚያመሰግናትም አስቦ ነበር የመጣው። እሷ ግን እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ማንቀጥቀጥ ጀመረች።

«እንዲህ?» አለችው።

«ቀስ አድርጊው» አላት። «አውራ ጣትሽ ጠቋሚሽን ይሸው።» እንዳልሆነላት ሲያይ የራሱን እጅ ጉልበቱ ላይ አደረገና የአባታቸውን አሳያት። ልክ እንደሳቸው ነበር፤ ሁለቱም ደነገጡ።

ከዚያ ሰዓት ሠሪው የገዛ እጁን «ቁም» አለው፤ እጁም ቆመ። ያንን የቆመ እጅ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። እሷ ግን የራሷን አላቆመችም።