ቅሬው ለቤተ መጻሕፍቱ የወጣ ዕለት

የመካነ ሰላም ቤተ መጻሕፍት ከእኔ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ሲጻፍ በጋውን ሙሉ በአጥሩ በኩል ስሰማ ከርሜአለሁ። መቶ ሃያ ገጽ ነው። የጻፈው ኃላፊው ዓባይነህ ነው። ጎበዝ ሰው ነው፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ምስማር ለመምታት ግን ጊዜ አላገኘም።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ነፋስ ያን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ዝናቡ በቀጥታ መደርደሪያው ላይ ይወርድ ጀመር። ቀድማ የደረሰችው ሩፋይዳ ናት። ዓምና የሞቱት አባቷ ሼህ ከማሉዲን በእጃቸው የጻፉት የመንዙማ ደብተር እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ቤቴ ያፈሳል ብላ ለቤተ መጻሕፍቱ አደራ የሰጠችው በሰኔ ነበር።

ዓባይነህ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዕቅዱ መጀመሪያ ኮሚቴው ይሰብሰብ ይላል። ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ አንድ መጽሐፍ አይነሳም።»

«ኮሚቴው የት አለ፣ ጋሼ?» አለችው ሩፋይዳ።

«ሁለቱ ወረኢሉ፣ አንዱ አቀስታ፣ ጸሐፊዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ።»

«ዝናቡስ እስኪመጡ ይቆማል?»

«አብሽሪ፣ ደውያለሁ።»

እኔ ወደ ቅሬያችን፣ ማለትም ወደ ዕድራችን፣ ጠሪ ወደ ይሄነው ሮጥሁ። ሰው ሲሞት እሱ ጉብታው ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ እስላም ክርስቲያኑ ድንኳንና ሰሌን ይዞ ይደርሳል።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«መጻሕፍቱ።»

«ለመጽሐፍ አልጠራም። ደንብ አለን።»

«የሼህ ከማሉዲን የእጅ ጽሑፍ እየራሰ ነው እኮ።»

ጥቂት አሰበና ጉብታው ላይ ወጣ። «ሼህ ከማሉዲንን ድረሱላቸው» ብሎ ለቀቀው።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጎረቤታችን እቴቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ «ዓምና ደህና አድርገን ቀብረናቸው የለ እንዴ፣ ደግሞ ምን ጎደለባቸው?» ትላለች። ዓባይነህን ፈቃድ የጠየቀው የለም፤ ለቅሶ የመጣ ሰው በር ላይ አይከለከልም። የቅሬው ድንኳን በጣሪያው ቀዳዳ ላይ ተወጠረ። መጻሕፍቱም እኔ ቤት ሰሌን ላይ እንደ ለቀስተኛ ተደረደሩ።

ደብተሩ የተገኘው በመጨረሻ ነው። ያ መቶ ሃያ ገጽ ዕቅድ ላዩ ላይ ተቀምጦ ውኃውን ሁሉ ጠጥቶ፣ የራሰ ድርቆሽ መስሎ አብጧል። ከሥሩ ያለውን ደብተር ውኃው ጫፉን ብቻ ነክቶታል።

«እንግዲህ ዕቅዱ ሠርቷል» አለ ዓባይነህ ፊቱ በርቶ። «ለሪፖርት ይሆናል።»

ሩፋይዳ ደብተሩን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ በሩ ሄደች።

«ቆዪ እንጂ፣ ቤትሽ ያፈስ የለ?»

«ያፈሳል፣ ጋሼ። ግን ሲያፈስ ማንንም ሳልሰበስብ ነው የማነሳው።»