ሐጂራ የጾመችው ረመዳን

ሐጂራ የሚጥል በሽታ እንዳለባት አማቷ አዴ ዘይቡ ካወቁ፣ ከነጓዟ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ እናቷ ቤት እንደሚመልሷት አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። ባሏ ጀማለዲን ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ አሰንዳቦ ላይ ከአማቷ ጋር ብቻቸውን ነበሩ። እሱም አያውቅም። አምና ስትዳር እናቷ፣ አፍሽን ያዢ ብላ ነበር የሸኘቻት።

በእርግጥ በድብቅ የምትውጠው የበሽታው ክኒን ከጉድ አውጥቷታል። ፊት የሰጧት መድኃኒት ቆዳዋን ልጦ ሊገድላት ምንም አልቀረው፤ ይህኛውን ከጀመረች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቀችም። የጅማው ሐኪም አጥብቆ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ክኒኑ ኩላሊት ላይ ጠጠር ያመጣልና ቀኑን ሙሉ ውሃ ጠጪ አላት።

ረመዳን ገባ። በሽተኛ እንዲጾም እንደማይገደድ ሐጂራ ቁርአን ቤት ተምራለች። ግን ጤነኛ ተብላ የገባች ምራት፣ አማቷ ፊት በጠራራ ቀትር ውሃ ብትጠጣ ምን ልትል ነው? ጾመች። ያውም ለገበያ የሚሄደውን፣ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና እየወቀጠች፣ ላብ በላብ ሆና።

በሃያኛው ቀን ጎኗን ቀስፎ ያዛት። የሙቀጫው ድካም ነው ብላ ወገቧን በነጠላ አሰረችና ወቀጣዋን ቀጠለች። በሃያ አራተኛው ቀን ደም ሸናች። አዴ ዘይቡ ደንግጠው ቡና በሚጭን መኪና ጅማ ሐኪም ቤት አደረሷት።

ሐኪሙ ምንም አልደበቀም። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ጠጠር ይዘዋል፤ ግራው ሞቷል። ቀኙን ለማትረፍ ክኒኑን ከዛሬ ጀምሮ መተው አለባት። በምትኩ ምን እንደሚሰጣት ስትጠይቀው፣ ያለው ያ ቆዳዋን የላጠው መድኃኒት ብቻ እንደሆነና እሱን ደግሞ እንደማይሰጣት ነገራት።

አዴ ዘይቡ አልጋው ጥግ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ሐጂራ ዐይናቸውን ማየት አቃታት።

«ኢንታላ ኮ፣» አሏት፣ «ልጄ፣ እንደሚጥልሽ በሠርግሽ ሳምንት ሰምቻለሁ። ታፍሪያለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ታዲያ ስጾም ለምን አልከለከሉኝም?»

«በሽታው የለቀቀሽ መስሎኝ። አላህ ማራት ብዬ፣ ደስ እያለኝ ነበር የማይሽ።»

ሐጂራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምትቆጣው ሰው እንኳ አጣች።

ክኒኑን ትታ አሰንዳቦ ከተመለሰች በኋላ፣ በዒድ ጠዋት፣ የጎረቤት ሴቶች በተሰበሰቡበት ወደቀች። ከሰዓት በኋላ ደግማ ወደቀች። አዴ ዘይቡ ሁለቴም ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ይዘው ቁጭ አሉ። ከዚያ በላይ ሊያደርጉላት የሚችሉት ነገር አልነበረም።